የራም ብዛትና የሥርዓተ ክወና ጭነት፤ በጎንደር ከተማ የተሰማ ዲስኩር



የከተማችን የኮምፒውተር መምህራንና የጥገና ባለሙያዎች፣ ትልቅ ራም ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሥርዓተ ክወና መጫን ስለሚሰናከልበት ምክንያት አንድ ዲስኩር እንዳሰማ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ይህን የመሰለ ነገር ለመሥሪያ ጠረጴዛ እንጂ ለአዳራሽ ጉባኤ አይገባም የሚል ሰው እንደማይጠፋ ባውቅም፣ ጥሪውን በደስታ ተቀብያለሁ። የተቀበልሁበትም ምክንያት፣ ለዓመታት የተደከመበት የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የነጋዴው ሒሳብ፣ የደብሩ የአባላት መዝገብ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠርጎ ሲጠፋ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ከክፋት ወይም ከፍጹም አለማወቅ የመጣ ሳይሆን፣ ምክንያቱ ሳይመረመር ፎርማት ለማድረግ ከመቸኮል የመጣ መሆኑን ስለማምን ነው።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ ወደዚህ አንድ ነገር ይመለሳል፤ ትልቅ ራም ያለው ኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና አልቀበል ሲል፣ ማሽኑን አስቀድሞ ወደ ትንሹ አቅሙ መልሱት፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየጨመራችሁ መርምሩት። በንግግሬ መካከል ይህን ቃል ደጋግሜ ባነሣው፣ በልባችሁ እንዲቀር ፈልጌ መሆኑን ዕወቁልኝ።

አስቀድሞ፣ ትልቅ ራም ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚለውን ጥያቄ ላንሣ። ከተማችን ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ የጽሕፈትና የትምህርት ከተማ መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ የሚያካሂደው የሕዝብና የጤና ክትትል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ልደትንና ሞትን፣ ከቀበሌ ቀበሌ መፍለስን እየተከተለ ሲመዘግብ የኖረ ነው። እንዲህ ያለውን የብዙ ዓመት መዝገብ በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ለመመርመር የሚሻ ተመራማሪ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ፊት ቢቀመጥ፣ ማሽኑ ከሥራው ይልቅ ትንፋሹን ሲሰበስብ ይውላል። ስለዚህም 16፣ 32፣ አልፎም 64 ጊጋባይት ራም የተሸከሙ ኮምፒውተሮች፣ ከፊሎቹ አዲስ፣ ከፊሎቹም በውጭ አገር አገልግለው የመጡ ሆነው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲውም ወደ ፒያሳ ሱቆችም እየገቡ ነው። ችግሩም ከእነርሱ ጋር አብሮ ገብቷል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልውረድ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ነገር ሁሉ የሚያሳርፍበት ስፍራ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ በዚህም ቋሚ ማከማቻ ከሆነው ከሃርድ ዲስክ ይለያል። በራም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ባይት አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ቁጥር ነው። 32 ቢት የሚባለው ሥርዓት ይህን ቁጥር የሚጽፈው በ32 አኃዝ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱም አኃዝ ዜሮ ወይም አንድ ከመሆን ስለማያልፍ፣ በስሙ ሊጠራው የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ ይኸውም 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ከዚህም ላይ ለስክሪን ካርድና ለሌሎች ክፍሎች የሚመደብ ድርሻ ስላለ፣ 4 ጊጋባይት ራም የገዛ ሰው ማሽኑን ሲከፍት 3 ጊጋባይት ከጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ያያል። ራሜን ሰረቁኝ ብሎ ወደ ሻጩ የሚመለስ ደንበኛ አጋጥሟችሁ እንደሆነ፣ ሻጩ አልሰረቀውም፤ በዚያ ሥርዓት ቁጥር ያልደረሰው ራም፣ በማሽኑ ላይ ተሰክቶ ሳለ እንዳልነበረ ይቈጠራል።

እርግጥ ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፔንቲየም ፕሮ በተባለው ፕሮሰሰር አድራሻውን ወደ 36 አኃዝ ከፍ አድርጎ እስከ 64 ጊጋባይት የሚያደርስ መንገድ ከፍቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለተራው ሰው የተሸጡት የ32 ቢት ዊንዶውሶች በዚያ መንገድ ከ4 ጊጋባይት አልዘለሉም። የተሟላው ፈውስ የ64 ቢት ሥርዓት ነው፤ ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ፕሮሰሰሮች መንገዱ ለሕዝብ ተከፈተ። በመሆኑም ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ የ32 ቢት ዊንዶውስ መጫን ገንዘብን እንደ መቅበር ነውና፣ በእጃችሁ ያለው ፍላሽ የትኛውን እንደያዘ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

ይህ ግን ራም በከንቱ ስለ መቅረቱ ነው። ከዚህ የከፋው፣ የራም ብዛት ራሱ ጭነቱን የሚያቆመው ጊዜ ነው፤ ይህም ከጥገና ቤት ወሬ የተወሰደ ሳይሆን በሠሪዎቹ የታመነ ታሪክ አለው። የዊንዶውስ 98 ዘመን ሰዎች ታስታውሱ ይሆናል፤ ራሙ ከ512 ሜጋባይት ባለፈ ጊዜ፣ ፋይሎችን ለጊዜው የሚያቆየው የሥርዓቱ ክፍል ራሙን ሁሉ አይቶ ከልክ በላይ አድራሻ ለራሱ ይይዝና ለሌላው ሥራ አድራሻ ያሳጣ ነበር፤ ማሽኑም በትርፍ ራም ተሞልቶ ሳለ «ራም አነሰኝ» ብሎ ይጮህ ነበር። መድኃኒቱ በአንዲት የቅንብር ፋይል ውስጥ ለዚያ ክፍል ወሰን ማበጀት ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ የቀረበ ነው። የግዕዝ ፊደላችን በዓለም አቀፉ የፊደላት ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ የተመዘገበው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የሚመጣ የግዕዝ ፊደል፣ በደጋ አጋዘን ስም ኒያላ ብሎ፣ የሰጠን በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባቀረበው በዊንዶውስ ቪስታ ነው። አማርኛን ያለ ልዩ ልመናና ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም በገጹ ላይ ለማየት ለናፈቀ ሰው ቪስታ ትልቅ የምሥራች ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ቪስታ ከ3 ጊጋባይት በላይ ራም ባላቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ሲጫን፣ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገረው ክፍል ከፍ ያለውን አድራሻ በትክክል መያዝ ስላልቻለ፣ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ይቆም ነበር። ማይክሮሶፍትም ራሱ ስሕተቱን አምኖ ያወጣው ምክር፣ ራሙን ወደ 2 ጊጋባይት ዝቅ አድርጋችሁ ጫኑ፣ ከተጫነም በኋላ ማረሚያውን አስገቡ፣ ከዚያ የነቀላችሁትን ራም መልሱ የሚል ነበር።

ልብ በሉልኝ፤ ጤነኛ ራም፣ ጤነኛ ዲስክ፣ ትክክለኛ ዲቪዲ ይዞ ሳለ ጭነቱ ይወድቅ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ስንት ማዘርቦርድ ሞቷል ተብሎ እንደተጣለ፣ ስንት ደንበኛ ያልተበላሸ ዲስክ እንደቀየረ ማን ይነግረናል? ራሙን ቀንሶ የሞከረ ሰው ግን፣ የሠሪዎቹን ምክር ባያነብ እንኳ፣ በራሱ እጅ እውነቱን ያገኘው ነበር። ማሽኑን ወደ ትንሹ አቅሙ መልሱት የምለውም ስለዚህ ነው።

ይህ 32 አኃዝ ያለው ቁጥር በራም ደጅ ብቻ ቆሞ አይጠብቀንም። ፋት 32 በተባለው አቀማመጥ ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ የአንድ ፋይል መጠን የሚጻፈው በዚያው በ32 አኃዝ ስለሆነ፣ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይገባበትም፤ የዛሬዎቹ የዊንዶውስ መጫኛዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ትልቅ ፋይል በሆዳቸው ይይዛሉ፤ ስለዚህ ወይ ፋይሉን መክፈል ወይም ፍላሹን እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በአሮጌው የዲስክ አከፋፈልም ዲስኩ የተሠራባቸው የጥቃቅን ክፍሎች ቁጥር የሚጻፈው በ32 አኃዝ ስለሆነ፣ ከ2 ቴራባይት ጥቂት አልፎ ያለው የዲስክ ክፍል ለማሽኑ አይታይም፤ ለዚህም ጂፒቲ የተባለው አዲሱ አከፋፈል፣ ዩኢኤፍአይ ከተባለው አዲሱ የኮምፒውተር አነሣሥ ጋር ተጣምሮ፣ መፍትሔ ሆኗል። ፍላሹ በአሮጌው ባዮስ መንገድ ተነሥቶ ዲስኩ በጂፒቲ የተከፈለ ሲሆን፣ ዊንዶውስ በዚህ ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል፤ ብዙዎች ይህን ቃል ባዩ ጊዜ ዲስኩን ሁሉ ይደመስሳሉ፤ ፍላሹን በዩኢኤፍአይ መንገድ ማስነሣት ብቻ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ምርመራው ሥርዓት እንምጣ፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ አትሰልቹብኝ። 32 ጊጋባይት ራም በአራት ቁራጭ የተሰካበት አንድ ዴስክቶፕ ወደ ሱቃችሁ መጣ እንበል። ዊንዶውስ መጫን ትጀምራላችሁ፤ አንድ ጊዜ ሲሶውን ከጫነ በኋላ ይቆማል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሊጨርስ ሲል ሰማያዊ ገጽ ያወጣል፤ ሦስተኛ ጊዜ «ለጭነቱ የሚያስፈልጉ ፋይሎች ተበላሽተዋል» ይላል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ውድቀቱ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ነው ወይስ ስፍራ ይለዋውጣል የሚል ይሁን። ሁልጊዜ በአንድ ፋይል ላይ የሚወድቅ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን በፍላሹና በቅጂው ላይ ጣሉ፤ ስፍራ የሚለዋውጥ ከሆነ ግን ራሙን፣ ሙቀቱን ወይም የኃይል አቅርቦቱን ተጠራጠሩ። ይህን ልዩነት የሚያስተውል ባለሙያ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ በእጃችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ክምችት ብረት ነክታችሁ አውርዳችሁ፣ ከአንዱ ራም በቀር ሦስቱን ንቀሉ፤ የቀረውንም የማዘርቦርዱ መመሪያ ለብቸኛ ራም በመረጠው ስፍራ ላይ ሰክታችሁ ጫኑ። ጭነቱ ከተሳካ ሥርዓቱን በማረሚያዎቹ አድሱ፤ ባዮሱም አዲስ እትም እንዳለው አይታችሁ አድሱት፤ ከዚያም ሁለተኛውን ራም ጨምሩ፣ ሞክሩት፤ ሦስተኛውን ጨምሩ፣ ሞክሩት። በመጨመር ላይ ሳላችሁ ችግሩ በተመለሰ ጊዜ ወንጀለኛው ራም ወይም ወንጀለኛው መሰኪያ በእጃችሁ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ራሙን ወደ ሌላ መሰኪያ አዛውራችሁ እዩ። ሣጥኑን ለመክፈት የማይመች ማሽን ቢሆን፣ ሊኑክስን በምታስነሡበት መስመር መጨረሻ ላይ የራሙን ወሰን በቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ በተጫነ ዊንዶውስ ላይም በአነሣሡ ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን የራም መጠን መወሰን ይቻላል፤ ሁለቱም ያለ መፍቻ የመቀነስ ዘዴዎች ናቸው።

የማዘርቦርዱን ወሰንም አትርሱ። እንደ ኢንቴል 945 ባለው አሮጌ ቺፕሴት ላይ የተሠራ ማዘርቦርድ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ ከእርሱ በኋላ በመጡት በአንዳንዶቹም ከፍ ያለው ራም እንዲታይ በባዮስ ውስጥ የራም አድራሻ ማዛወሪያውን መክፈት ያሻል። ከአሮጌ ሰርቨር የተነቀለ ራም በመልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም በአብዛኛው በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም፤ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ገዝታችሁ ለደንበኛ አትስጡ። በአዲሶቹ ዲዲአር 5 ራም በሚጠቀሙ ማሽኖች ደግሞ፣ ራም በተቀየረ ጊዜ ማሽኑ ከራሙ ጋር እስኪላመድ ድረስ ለብዙ ደቂቃ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሞተ ብላችሁ አታጥፉት፤ ታገሡት።

ስለ ቅጂው አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን አብዛኛው ሰው አያስብበትም። ፍላሹ የተዘጋጀው በዚያው በታመመው ማሽን ላይ ከሆነ፣ ፋይሎቹ ወደ ፍላሹ ሲገለበጡ ያለፉት በታመመው ራም በኩል ስለሆነ፣ ቅጂው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ እንግዲህ ራሙ ከተቀየረ በኋላም ጭነቱ ይወድቃል፤ ባለሙያውም ራሙ አልነበረም ብሎ ይሳሳታል። ስለዚህ ፍላሹን ጤንነቱ በታወቀ በሌላ ኮምፒውተር አዘጋጁ። የወረደውንም ፋይል ሠሪው ካወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ አንዲት ግድፈት እንኳ ብትኖር ይህ ቁጥር ፈጽሞ ተለውጦ ይገኛልና።

ራምን ለመመርመር ሜምቴስት የተባለው ፕሮግራም አለ፤ ከፍላሽ ተነሥቶ እያንዳንዱን አድራሻ እየጻፈ እያነበበ ይፈትናል። የራሙ መጠን በበዛ ቁጥር ፈተናው ይረዝማልና 32 ጊጋባይት ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እዚህ ላይ የከተማችንን ሁኔታ የምታውቁ ሁሉ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ትሉኛላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። አራቱን ራም በአንድነት ከመፈተን አንዱን ለብቻው ፈትኑ፤ ለእያንዳንዱ የሚወስደው ጊዜ አጭር ስለሆነ መብራቱ ቢጠፋ የሚባክነው ድካም ትንሽ ነው። ጭነቱንም ሆነ የባዮሱን እድሳት ግን ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፤ ባዮስ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል።

ስለ ደጋችንም ጥቂት እናገራለሁ፤ ከደባርቅ የመጡ እንግዶቻችን ይህን ሊያውቁት ይገባልና። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የንባቡ ራስ ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ በሣሣ ቁጥር ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፤ ሠሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ በ3,000 ሜትር ገደማ እንዲወሰን ይጽፋሉ። ደባርቅ ከወሰኑ በታች ናት፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ስሜን ተራሮች የጨነቅ ሰፈር ለሚወጣ ላፕቶፕ ግን የሚዞር ሳህን የሌለው ኤስኤስዲ ይሻለዋል። የሣሣ አየር ሙቀትንም በደንብ አያወጣም፤ ብዙ የሰርቨር ሠሪዎች ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀንሱ ያዝዛሉ፤ ይህ ለጎንደር 4 ዲግሪ ያህል ቅናሽ ነው። ዚግለርና ላንፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳስረዱትም፣ ከሰማይ የሚወርደው የኮስሚክ ጨረር በራም ውስጥ ያለውን አንድ ቢት ሊገለብጥ ይችላል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ይበዛል፤ ራሙም በበዛ ቁጥር የሚመታው ቢት ይበዛል። ጭነትን ለሚያሰናክል ነገር ዋና ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት አይደለም፤ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው። ነገር ግን የሕመምተኛን መዝገብ ወይም የብዙ ዓመት ጥናትን ለሚይዝ ሰርቨር፣ በደጋ ላይ ስሕተትን ራሱ የሚያርም ኢሲሲ ራም መግዛት ተገቢ ወጪ ነው ብዬ በጥብቅ አምናለሁ።

በመጨረሻ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ የማንም ኮምፒውተር ወደ እጃችሁ ሲገባ፣ ፎርማት የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት፣ ዲስኩን አውጥታችሁ በሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ የባለቤቱን ፋይሎች ገልብጡለት፤ ራሙ የታመመ እንደሆነም በዚያው በታመመው ማሽን ላይ ቅጂ አታውጡ። ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቈለፈ ሲሆንም ባለቤቱን ጠይቁ እንጂ ባዶ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ሁለተኛው፣ በየጥገና ቤታችሁ አንድ መዝገብ ክፈቱ፤ የማሽኑን ዓይነት፣ የራሙን መጠንና ቁጥር፣ በሰማያዊው ገጽ ላይ የወጣውን የስሕተት ቁጥር፣ ራም ሲቀነስ የሆነውንና በመጨረሻ የፈወሰውን ነገር በአማርኛ ጻፉበት። ዛሬ በማራኪ ያለ ሱቅ ለሦስት ቀን የደከመበትን ነገር በአዘዞ ያለው ሱቅ ነገ እንደ አዲስ ይደክምበታል፤ ደባርቅ ላይ ያለው ደግሞ የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለውም። መዝገባችሁን ይዛችሁ በየጊዜው ተገናኙ፤ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ከነዚህ መዝገቦች አስተምሩ።